«ሎዝ» ያለችው እንግዳ ጅቡን ጠልታ ነው?

ጥያቄው የመጣው ከሐረር ነው። ጠያቂው የጀጎል አስጎብኚ ነው። ሲያጥር እንዲህ ይላል፦ «እንግዶቼን ማታ ጅብ ሲቀለብ ላሳያቸው ተዘጋጅቼ ነበር። ከመሀላቸው አንዲት እንግሊዛዊት "አይም ሎዝ ቱ ጌት ዛት ክሎስ" አለችኝ። ስልኬ ላይ ያለው መዝገበ ቃላት ሎዝ ማለት አጥብቆ መጥላት፣ መጸየፍ ነው ይላል። የምትጸየፈውንማ አላሳያትም ብዬ ፕሮግራሙን ሰረዝኩት። በማግስቱ ግን ጅቦቹን ሳናይ ልንሄድ ነው ወይ ብላ አዘነችብኝ። ምን ነበር ያለችኝ? ደግሞስ ቃሉን እኔ ብጠቀምበት ምን አለበት? እንግዶች ሰው ሳያስፈቅዱ ፎቶ ሲያነሱ በጣም ነው የምጠላው፤ "አይ ሎዝ" ብላቸው ያስኬዳል?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ይህን ልበልህ። እንግዳ የሚጸየፈውን ነገር አላሳይም ማለትህ የጨዋ አስጎብኚ ሥራ ነው። ልብህ ልክ ነበር። መዝገበ ቃላትህም አልዋሸህም። ነገሩ ሌላ ነው፤ ሴትየዋ የተጠቀመችው ቃልና አንተ የፈለግከው ቃል ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በጆሮ ሲሰሙ መንታ ናቸው፣ በትርጉም ግን ተለያይተዋል። እዚህ ድሬ እንግሊዝኛ ሳስተምር ጎበዝ የሚባሉት ተማሪዎቼም የሚደናቀፉት እዚችው ላይ ነው። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ።

እሷ ያለችህ «ሎስ» ነው። ቅጽል ነው፣ ግስ አይደለም። ትርጉሙም ማመንታት፣ ልብ እሺ አለማለት፣ ማንገራገር ነው። ዓረፍተ ነገሩን በእኛ አማርኛ ብመልሰው «ያን ያህል ለመጠጋት ልቤ እሺ አይለኝም» ይሆናል። ስለ ጅቦቹ ክፉ ነገር አልተናገረችም። የፈራችው መጠጋቱን ነው። አስበው፣ ቀላቢው ሥጋውን እንጨት ላይ ጠምጥሞ ሲያጎርስ፣ አንዳንዱ ደፋር እንግዳ ደግሞ እንጨቱን በጥርሱ ይዞ ጅቡ ፊቱ ድረስ ሲመጣ የሚያሳይ ቪዲዮ አይታ ነው የመጣችው። እኔም እዚያ ልቀመጥ ነው ወይ ብላ ብትሰጋ አይፈረድባትም። መኪና ውስጥ ሆና በመብራት ብታያቸው በደስታ ታይ ነበር። አንተ የሰማኸው ጥላቻ ነው፤ እሷ የነገረችህ ግን ስንት ሜትር ርቃ መቆም እንደምትፈልግ ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ በምን ትለያቸዋለህ?

አንደኛው መንገድ ጆሮ ነው። ሁለቱም ቃላት የሚያልቁት ምላስን በጥርስ መሀል አድርጎ በሚወጣ ድምፅ ነው። ይህ ድምፅ በአማርኛ የለም፤ ለዚህ ነው እኛ ሁለቱንም «ሎዝ» ብለን የምንገላገለው። አንተ ግን የሐረር ልጅ ነህ። ቁርአን ቀርተህ ከሆነ ይህ ድምፅ ለአንተ እንግዳ አይደለም። «ሎስ» የምትለዋ፣ ማመንታት የሆነችው፣ የምታልቀው ዐረብኛው ላይ ሦስት ነጥብ ከላይ ባላት በ«ሳ» ድምፅ ነው። «ሎዝ» የምትለዋ፣ መጥላት የሆነችው፣ የምታልቀው በ«ዛል» ነው። አንደኛዋ ትንፋሽ ብቻ ናት፣ ሁለተኛዋ ጉሮሮን ታንቀጠቅጣለች። ጣትህን ጉሮሮህ ላይ አድርገህ ሞክራቸው፣ ልዩነቱ ይሰማሃል። ከአዲስ አበባ የመጡ ተማሪዎቼን ይህን ድምፅ ለማስያዝ ብዙ እለፋለሁ፤ የሐረርና የጅግጅጋ ልጆች ግን ዐረብኛ ፊደል ከቆጠሩ ቶሎ ይይዙታል። ይህን ሀብታችሁን ብዙዎቻችሁ አታውቁትም።

ጆሮ ግን ሁልጊዜ አይታመንም። ከእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም አንዳንዱ ሁለቱን አንድ አድርጎ ነው የሚጠራቸው። ስለዚህ ከጆሮ ይልቅ አካባቢውን እይ። ከቃሉ በፊት «አይም» ወይም «ሺ ኢዝ» ካለና ከቃሉ በኋላ ደግሞ «ቱ» ብሎ ሌላ ግስ ከተከተለ፣ አለቀ፣ ማመንታት ነው። ሰውየው አንድን ነገር ለማድረግ ልቡ እሺ አላለውም። ከቃሉ በፊት «አይ» ወይም «ሺ» ብቻ ካለና ከቃሉ በኋላ ወዲያው የሚጠላው ነገር ከመጣ ግን ጥላቻው እውነተኛ ነው። «አይ ሎዝ ሃይናስ» ብላህ ቢሆን ኖሮ ፕሮግራሙን መሰረዝህ ልክ ነበር። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘህ ብትሄድ ይህን ያዝልኝ።

በጽሑፍ ላይ ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት። ግሱ መጨረሻ ላይ «ኢ» የምትባለው ፊደል አለችው፣ ቅጽሉ የለውም። ይህ ደግሞ ለብቻው የሚሸመደድ ነገር አይደለም፤ እንግሊዝኛ ውስጥ በዚህ መንገድ የሚሠሩ ጥንዶች አሉ። ትንፋሽ «ብሬስ» ነው፣ መተንፈስ «ብሪዝ» ነው። ጨርቅ «ክሎስ» ነው፣ ማልበስ «ክሎውዝ» ነው። ፊደሏ ስትጨመር ድምፁ ይርገበገባል፣ ቃሉም ግስ ይሆናል። አንዴ ይህን ካየህ አትረሳውም። ፈረንጆቹ ራሳቸው ኢሜይል ላይ ፊደሏን ያለ ቦታዋ ሲጨምሯት ብታይ አይግረምህ፣ የተለመደ ስህተት ነው። ያኔም መዳኛህ ያው «ቱ» ናት።

ለምን እንዲህ ተቀራረቡ ካልክ፣ የበቀሉበት ሥር አንድ ስለሆነ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ላስ» የሚል ቃል ነበረ፤ የሚጠላ፣ ጠላት፣ ክፉ ማለት ነው። ከእሱ ግሱ ወጣ፣ ግሱ እስከ ዛሬ ኃይለኛነቱን እንደያዘ ነው። ቅጽሉ ግን በዘመናት እየለዘበ ሄዶ ማመንታት ላይ አረፈ። የጀርመንኛው «ላይት» ማለትም ሥቃይ፣ የዚሁ ዘር ነው። ፈረንሳይኛውም «ሌ» ብሎ አስቀያሚ የሚለውን ቃል ያገኘው ከዚያው ከጀርመን ወገን ነው። እዚህ ድሬ ባቡሩ በፈረንጆች 1902 ከገባ ወዲህ ፈረንሳይኛ የምድር ባቡር ቋንቋ ስለነበር፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ያደጉ ትልልቅ ሰዎች ይህቺን «ሌ» ያውቋታል።

አሁን ወደ ግሱ ልምጣ፣ ሁለተኛው ጥያቄህ ያለው እዚያ ነው።

«ሎዝ» ከ«ሄት» በላይ ነው። ግን ልዩነቱ የመጠን ብቻ አይደለም። «ሄት» ንዴትም ሊሆን ይችላል፣ ሰው የጠላውን ሊያጠቃው ሊነሳ ይችላል። «ሎዝ» ውስጥ ግን ጥላቻና ማቅለሽለሽ አብረው አሉ። ሰው «ሎዝ» ሲል ነገሩን ከአጠገቡ ማራቅ ነው የሚፈልገው። በአማርኛ በጣም የምትቀርበው «አንገሸገሸኝ» ትመስለኛለች። ጥላቻው አካል ውስጥ ገብቷል፣ ተቀምጧል፣ የአንድ ቀን ነገር አይደለም። ለዚህም ነው ብዙ ጊዜ «አይ አም ሎዚንግ» ሲባል የማትሰማው፤ የሚቆይ ስሜት ነውና እየተደረገ ነው ብሎ መናገር አይመችም።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን፣ ፈረንጆች ቃሉን ለቀላል ነገርም ይወረውሩታል። ልብስ መተኮስ፣ ሰኞ ጠዋት፣ የትራፊክ መጨናነቅ፣ ቃሪያ፣ ሁሉም «ሎዝ» ይባላል። ማጋነን ነው። እኛም «ሙቀቱ ገደለኝ» እንል የለ? ማንም አልሞተም። ስለዚህ ሰውየው ስለ ሥራ ወይም ስለ ምግብ ሲያወራ ቃሉን ስትሰማ አትደንግጥ፣ ፊቱን እይ። ስለ ሰው ሲሆን ግን ሌላ ነው። «አይ ሎዝ ሂም» ማለት ከባድ ነው፣ በቀልድ አይባልም። ከዚያ የከበደው ደግሞ ሰው ራሱን ሲጸየፍ የሚባለው «ሰልፍ ሎዚንግ» ነው። እሱን ከሰው አፍ ከሰማህ ወሬ አታስቀይር፣ አዳምጥ።

አጠቃቀሙ ላይ የእኛ ሰው ሁለት ቦታ ይወድቃል። አንዱ «አይ ቬሪ ሎዝ» ማለት ነው። «በጣም» የምትለው ቃላችን ከግስ ጋር በደንብ ትሄዳለች፤ «ቬሪ» ግን ግስ ፊት አትቆምም። «አይ ሪሊ ሎዝ» ወይም «አይ አብሶሉትሊ ሎዝ» በል። ሁለተኛው ከኋላው የሚመጣው ግስ ላይ ነው። ማጠብ እጠላለሁ ለማለት «አይ ሎዝ ዋሺንግ» ይባላል፣ በ«ኢንግ» ያልቃል። «አይ ሎዝ ቱ ዋሽ» ካልክ ከላይ ወዳየነው ማመንታት ትንሸራተታለህ፣ ሰሚውም ግራ ይጋባል።

እዚህ ላይ ስለ «አስጠላኝ» ማውራት አለብኝ፤ የችግሩ ግማሽ ከዚች ቃላችን ነው የሚመጣው። አማርኛ ውስጥ ነገሩ ነው እኔን የሚያስጠላኝ። እኔ ተቀባይ ነኝ። «አቦ ያስጠላል!» ስንል ደግሞ ድሬ ላይ ስንቱን ነገር ነው የምንለው? መብራት ሲጠፋ፣ ምግቡ ጨው ሲያንሰው፣ ፊልሙ ሲደብር፣ ወዳጅ ሲዘገይ። አንዷ ቃል ከመሰልቸት እስከ መጸየፍ ያለውን ሁሉ ትሸፍናለች። እንግሊዝኛው ይህን ለብዙ ቃላት አከፋፍሎታል። ለመብራቱ «አኖይንግ» ይበቃዋል። ለፊልሙ «ቦሪንግ» ነው። «ሎዝ» ስትል ግን ጠሊው አንተ ነህ፣ ጥላቻው የአንተ ነው፣ ቃሉም ይቆጠርብሃል። ስለዚህ «አስጠላኝ» ባልክ ቁጥር «ሎዝ» ብለህ ከተረጎምክ ሰዎቹ የሚያዩህ ዓለሙን ሁሉ እንደጠላ ሰው ነው።

የቅርብ ዘመዶቹንም ላስተዋውቅህ፣ ሥራህ ላይ ይገጥሙሃል። «ዲቴስት» አለ። ላቲን ነው፣ በሥሩ ምስክር የሚል ቃል አለበት፤ መለኮትን ምስክር አድርጎ መርገም ነበር ድሮ። ዛሬ ከ«ሎዝ» ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ ነው። «አብሆር» ግን የመድረክ ቃል ነው። ሥሩ ከድንጋጤ ወደኋላ ማፈግፈግ፣ መሰቅጠጥ ነው፤ «ሆረር» የሚባለው ዘግናኝ ፊልም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቤት ነው። አማርኛችን ውስጥ ሮሜ 12፥9 ላይ «ክፉውን ነገር ተጸየፉት» የሚለው፣ በፈረንጆች 1611 በወጣው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ «አብሆር» ነው። ዓመጽን፣ ግፍን፣ ባርነትን «አብሆር» ትላለህ። ቃሪያን አትልም።

ከሁሉም በላይ ጉድ የሚሠራን «ዲስጋስት» ነው። ሥሩ ጣዕም ነው። በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ሲሆን ጣዕም ማጣት፣ አፍ እንቢ ማለት ነው፤ የድሬ የድሮ ሰዎች «ደጉታን» የሚሉትም ይኸው ነው። ዳርዊን በፈረንጆች 1872 ስለዚህ ስሜት ሲጽፍ ያነሳት ገጠመኝ ነገሩን ቁልጭ አድርጋ ታሳያለች። ደቡብ አሜሪካ ጫፍ ላይ እንዳይበላሽ ተደርጎ የተቀመጠ ቀዝቃዛ ሥጋ ሲበላ አንድ የአገሬው ሰው ሥጋውን በጣቱ ነካው። ሰውየው በሥጋው ልስላሴ ቀፈፈው። ዳርዊን ደግሞ የሰውየው እጅ ቆሻሻ ባይመስልም ምግቤን ነካብኝ ብሎ ቀፈፈው። አንድ ቁራሽ ሥጋ፣ ሁለት ሰው፣ ሁለቱም ተጸያፊ። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው አስጎብኚ ሁሉ ሊያውቀው ስለሚገባ ነው። የግመል ወተት፣ ጥሬ ሥጋ፣ ጫት፣ ለአንዱ ማዕድ ለሌላው መቀፈፊያ ነው፤ እንግዳው ፊቱን ቢያጨማድድ ባህልህን ሰድቦ አይደለም።

የ«ዲስጋስት» አደጋው ግን ሰዋስው ላይ ነው። «አይም ዲስጋስትድ» ማለት ቀፈፈኝ ነው። «አይም ዲስጋስቲንግ» ማለት እኔ የምቀፍ ሰው ነኝ ማለት ነው! የእኛ ተማሪ አንዱን በሌላው ሲተካው በየዓመቱ እሰማለሁ። መለያው ቀላል ነው፤ «ኢንግ» ያለው ስሜቱን የሚያመጣው ነገር ነው፣ «ድ» ያለው ስሜቱ የመጣበት ሰው ነው። ሌላም ልጨምርልህ። አንድ እንግሊዛዊ ስለ ሆቴሉ ወይም ስለ መስተንግዶው «አይም ዲስጋስትድ» ካለህ ምግቡ አቅለሸለሸኝ ማለቱ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ በአሠራሩ ተቆጥቻለሁ፣ ነውር ነው ማለቱ ነው። ከባድ ቅሬታ ነው። ሳቅ ብለህ አታልፈው።

ደግሞ ሴትየዋ እንግሊዛዊት መሆኗን ነግረኸኛል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንግሊዞች ጥላቻቸውን በኃይለኛ ቃል የሚናገሩት ብዙ ጊዜ ስለማይጎዳቸው ነገር ነው። ፊታቸው ያለውን ሰው ላለማስቀየም ሲፈልጉ ቃሉን እጅግ ያሳንሱታል። ወጡን አቅርበህላቸው «ኢትስ ኖት ሪሊ ማይ ሲንግ» ካሉ አልበላም ማለት ነው። «አይም ኖት ሹር ኢትስ ፎር ሚ» እርግጠኛ አይደለሁም ማለት አይደለም፣ እርግጠኛ ናቸው፤ አይፈልጉም። «አይድ ራዘር ኖት» በቀስታ የተባለ ጽኑ እምቢታ ነው። ያቺ እንግዳህ ጅቦቹን በእውነት ብትጸየፋቸው ኖሮ እኔ እንደምገምተው ከእነዚህ አንዱን ነበር የምትልህ እንጂ «ሎዝ» አትልህም ነበር። የጠላችውን ነገር አንተ በኩራት እያሳየሃት፣ ሐረር ደግሞ ከጅቡ ጋር ተስማምታ የምትኖር ከተማ መሆኗን እየነገርካት፣ ፊት ለፊት እጸየፋቸዋለሁ አትልም።

ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ቃል ሲገጥምህ መዝገበ ቃላት ከመክፈትህ በፊት ጠይቃት። «ዉድ ዩ ላይክ ቱ ዋች ፍሮም ዘ ካር?» በላት፣ ከመኪና ሆነሽ ማየት ትፈልጊያለሽ ወይ ማለት ነው። የእሷ መልስ ከየትኛውም መዝገበ ቃላት ይበልጣል። ሰው ስሜቱን ሲነግርህ ትርጉሙን ከራሱ አፍ መጠየቅ አያሳፍርም፣ እንዲያውም እንግዶች ይወዱታል።

እግረ መንገዴን፣ አንድ ተማሪዬ ቃሉን እንዴት እንደያዘው ልንገርህ። «ሎዝ» ለእኛ ጆሮ የባቢሌ ለውዝ ነው። ልጁ ደግሞ ለውዝ ሲበላ ሰውነቱን ያሳክከዋል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሽታውን እንኳን አይችልም። «አይ ሎዝ ለውዝ» ብሎ ያዘው፣ ፈተና ላይም አልሳታትም። በዘር የሚያገናኛቸው ነገር የለም፣ ግን ቃል የሚቀመጠው እንዲህ ነው።

አሁን ፎቶዋን ነገር። ስሜትህ ልክ ነው። ጀጎል ውስጥ ግቢያቸው ደጃፍ ላይ የተቀመጡ እናቶችን፣ መንገድ ላይ የሚያልፉ ሰዎችን ሳያስፈቅዱ ካሜራ መደገን ነውር ነው፣ አንተም ለሰዎችህ መቆምህ ደስ ይላል። ግን ለእንግዶችህ «አይ ሎዝ ኢት ዌን ዩ ዱ ዛት» አትበላቸው። ሰዋስዉ ምንም አይወጣለትም፣ ልክ ነው። የሚሰሙት ግን እናንተን ተጸይፌያችኋለሁ የሚል ነው። ከዚያ በኋላ የምታወራላቸው የጀጎል ታሪክ ሁሉ ጆሯቸው አይገባም። ከጓደኞችህ ጋር ስለዚሁ ጉዳይ በእንግሊዝኛ ብታወራ፣ ወይም ስለ ሥራህ ጽሑፍ ብትጽፍ ቃሉ ቦታው ነው፤ «አይ ሎዝ ሲኢንግ ፒፕል ፎቶግራፍድ ዊዛውት ፐርሚሽን» ብለህ ጻፍ፣ ክብደቱን የሚመጥን ነገር ነው።

ለእንግዶቹ ግን ያቺን የመጀመሪያዋን ቃል፣ እሷ ያስተማረችህን፣ መልሰህ ልትጠቀምባት ትችላለህ። «ፒፕል ሂር አር ሎስ ቱ ቢ ፎቶግራፍድ ባይ ስትሬንጀርስ፣ ሶ ፕሊዝ አስክ ፈርስት።» የአገሩ ሰው በማያውቀው ሰው ፎቶ መነሳት ልቡ እሺ አይለውም፣ እባካችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ ማለት ነው። ጨዋ ናት፣ ትንሽ ከፍ ያለ እንግሊዝኛ ናት፣ ማንንም አታስቀይምም። በሩ ጋ ሳትገቡ ተናገራት፣ ካሜራው ከቦርሳ ሳይወጣ።